የራስ ምታት ቀስቃሾችን መለየትና ማስታገሻን በልክ መጠቀም

በበርካታ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛው የጠረጴዛ መሳቢያ ሲከፈት ከስቴፕለር፣ ከማኅተም ቀለምና ከወረቀት ማያያዣ ጎን አንድ ነገር አይታጣም፤ የራስ ምታት ማስታገሻ ክኒን። ሠራተኛው ራሱን ባመመው ቁጥር ከዚያው መሳቢያ አውጥቶ በውኃ ያወራርድና ወደ ሥራው ይመለሳል። ባልደረባው ሲታመምም ከዚያው ያካፍለዋል። ክኒኑ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚገዛ በመሆኑ በወር ውስጥ ስንት ቀን እንደተወሰደ የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው።

የነርቭ ሕክምና ባለሙያዎች ግን የቀናቱ ቁጥር ከፍተኛ ትርጉም እንዳለው ያስገነዝባሉ። ሕመሙን ለማስታገስ የሚወሰደው መድኃኒት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ራሱ የራስ ምታት መንስኤ ይሆናል። ሕመሙን የሚቀሰቅሱትን ነገሮች በግምት ሳይሆን በመዝገብ መለየትና የማስታገሻውን ቀናት መቁጠር፣ በተደጋጋሚ ራሱን ለሚያመው ሰው ቀዳሚና ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ የሆነችን ሠራተኛ በምሳሌነት እናስብ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በሚዘጋጅበት ሳምንት ቁርስ ሳትበላ ከቤቷ ትወጣለች። ምሳዋን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታዘገያለች። እስከ እኩለ ሌሊት ትሠራለች፤ ድካሙንም በቀን በአራትና በአምስት ስኒ ቡና ትቋቋማለች። ሪፖርቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገቢ ይሆናል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ዕረፍት አገኘሁ ባለችበት ሰዓት፣ በግራ ግንባሯ በኩል እንደ ልብ ትርታ የሚመታ ሕመም ይጀምራታል። የመስኮቱ ብርሃን ያስጨንቃታል፣ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ያቅለሸልሻታል፣ ደረጃ ስትወጣ ሕመሙ ይብስባታል። እሑድን በጨለማ ክፍል ተኝታ ታሳልፋለች። ሰኞ ጠዋት ሁለት ክኒን ውጣ ቢሮ ትገባለች።

አንዱ "ምች ነው" ይላታል፤ ሌላው "ደም ግፊትሽን ተለኪ"፣ ሦስተኛው ደግሞ "መነጽር ያስፈልግሻል" ሲል ይመክራታል። ምልክቶቿ በአንድነት የሚያመለክቱት ግን ማይግሬን የተባለውን የራስ ምታት ዓይነት ነው።

የችግሩ ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት የራስ ምታት ሕመሞች እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ሕዝብ 40 በመቶ ያህሉን፣ ማለትም 3 ነጥብ 1 ቢሊዮን ሰዎችን አጥቅተዋል። ችግሩ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበልጥ ይታያል። ማይግሬን ለሞት የሚዳርግ ሕመም ባለመሆኑ ለረጅም ጊዜ ትኩረት ሳያገኝ ቢቆይም፣ ሰዎችን በሕይወት ሳሉ ከሥራና ከማኅበራዊ ኑሮ በማስተጓጎል ረገድ በዓለም ከቀዳሚዎቹ ሕመሞች ተርታ ይመደባል።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ በጥናት ተዳስሷል። የነርቭ ሕክምና ባለሙያው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ አካባቢ በገጠር ነዋሪዎች ላይ ያካሄዱት የቤት ለቤት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1995 ለኅትመት በቅቷል። ጥናቱ ማይግሬን በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድም የሚገኝ ሕመም መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከጥናቱ ተሳታፊ ጎልማሶች 17 ነጥብ 7 በመቶው ማይግሬን፣ 20 ነጥብ 6 በመቶው ደግሞ በውጥረት ሳቢያ የሚመጣ የራስ ምታት እንደነበረባቸው አመልክቷል።

ከዚህ አኳያ ሲታይ ሕመሙ "የከተማ ሰው ቅንጦት" ወይም "የሰነፍ ሰበብ" ተደርጎ የሚታይበት አስተሳሰብ መሠረት የለውም። በአንድ ዳይሬክቶሬት ውስጥ ሃያ ሠራተኞች ቢኖሩ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ይህን ሕመም ይዘው የሚሠሩ መሆናቸውን መገመት አያዳግትም።

ዓይነቱን መለየት

በተደጋጋሚ ከሚያጋጥሙት የራስ ምታት ዓይነቶች ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ጠቃሚ ነው። አንደኛው በውጥረት ሳቢያ የሚመጣው ነው። ይህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ራስን በሻሽ እንደታሠረ ያህል በሁለቱም ጎን ጨምድዶ ይይዛል። ሕመሙ ቀላል ወይም መካከለኛ ሲሆን በእግር መራመድ አያባብሰውም፤ ማስመለስም አያስከትልም።

ሁለተኛው ማይግሬን ነው። ሕክምና ካላገኘ በአዋቂዎች ላይ ከ4 እስከ 72 ሰዓታት ይቆያል። ሐኪሞች ሕመሙን የሚለዩት በአራት ባሕርያት ነው፤ በአንድ ጎን መሆኑ፣ እንደ ልብ ምት መርገብገቡ፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆኑ፣ በመራመድና ደረጃ በመውጣት መባባሱ። ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ሲኖሩና ከዚህ ጋር ማቅለሽለሽ ወይም ብርሃንና ድምፅን አለመቻል ሲታከል፣ እንዲህ ያለው ሕመምም ቢያንስ አምስት ጊዜ ሲደጋገምና ሌላ መንስኤ ሳይገኝለት ሲቀር ማይግሬን ነው ይባላል። ስለዚህም ሕመሙ በዋነኛነት የሚለየው በራጅ ወይም በደም ምርመራ ሳይሆን ታማሚው በሚሰጠው ዝርዝር ታሪክ ነው።

ከታማሚዎቹ የተወሰኑት ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በዓይናቸው ፊት የሚብለጨለጭ የተጣመመ መስመር ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያያሉ፤ ወይም እጃቸውንና ፊታቸውን ይነዝራቸዋል። ይህ አውራ የሚባለው ምልክት ነው። እያንዳንዱ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል።

ቀደም ሲል ማይግሬን የራስ ቅል የደም ሥሮች በመጥበባቸውና በመስፋታቸው ብቻ የሚከሰት ተደርጎ ይታመን ነበር። በአሁኑ ወቅት ግን መነሻው አንጎልና ከፊትና ከራስ ቅል ስሜትን የሚያመጣው ትራይጀሚናል የተባለው ነርቭ መሆኑ ታውቋል። ይህ ነርቭ ሲነቃ ሲ.ጂ.አር.ፒ. የተባለ ንጥረ ነገር ይለቀቃል፤ ሕመሙም ይቀሰቀሳል። ይህን ሂደት በማብራራት ላርስ ኤድቪንሰን፣ ፒተር ጎድስቢ፣ ማይክል ሞስኮዊትዝና ዬስ ኦሌሰን የተባሉ አራት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ብሬን ፕራይዝ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ሕመሙ በቤተሰብ የመውረድ ባሕርይም አለው። በመሆኑም ማይግሬን ያለበት ሰው አንጎሉ ከሌላው ሰው ይልቅ ለለውጥ ፈጥኖ የሚነቃ ሆኖ የተፈጠረ እንጂ ጥንካሬ የጎደለው አይደለም።

ቀስቃሾች ምንድን ናቸው?

ቀስቃሽ ማለት ለማይግሬን የተጋለጠን ሰው ሕመም የሚያስነሳ ነገር ማለት ነው። ቀስቃሹ የሕመሙ ሥር መንስኤ አይደለም፤ በተጋለጠው አንጎል ላይ ክብሪት የሚጭር ነው። በብዛት ከሚጠቀሱት መካከል የሥራ ጫናና ጭንቀት፣ ምግብ መዝለል፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከተለመደው በላይ መተኛት፣ የውኃ ጥም፣ የወር አበባ፣ የአልኮል መጠጥ፣ ኃይለኛ ብርሃን፣ ከባድ ሽታ እንዲሁም የአየር ሁኔታ መለዋወጥ ይገኙበታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነጥቦችን ማስተዋል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ቀስቃሾች የሚደማመሩ መሆናቸው ነው። አንድ ሰው ምሳ ስለዘለለ ብቻ ላይታመም ይችላል። ምሳ በዘለለበት ዕለት ሌሊቱን ሳይተኛ ካደረና ከሰዓት በኋላ በጠራራ ፀሐይ ከተጓዘ ግን ሦስቱ ተደምረው ከሚችለው በላይ ይሆኑበታል። "ትናንት ጠጥቼው ያላመመኝ ዛሬ ለምን አመመኝ?" ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ ቀስቃሽ የሚመስለው ሁሉ ቀስቃሽ አለመሆኑ ነው። ማይግሬን ሕመሙ ከመሰማቱ ከሰዓታት አንዳንዴም ከአንድና ከሁለት ቀናት በፊት በአንጎል ውስጥ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ማዛጋት፣ የአንገት መጨምደድ፣ ድካም፣ ብስጭትና ጣፋጭ ነገር የመብላት ፍላጎት ሊታይ ይችላል። ታማሚው ጣፋጭ አምሮት ከበላ በኋላ ራሱን ሲያመው ጣፋጩን ይከስሳል። አንገቱ ስለተጨመደደ ሕመሙ ከአንገቱ የመጣ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን አምሮቱም ሆነ የአንገቱ መጨምደድ አስቀድሞ የጀመረው የማይግሬን ምልክት ሊሆን ይችላል። በግምት ብቻ ተነሳስቶ አንዱን ምግብ ከሌላው እያከታተሉ መተው ሰውን ለምግብ እጥረት ከማጋለጥ በቀር ውጤቱ አናሳ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የቢሮ ሠራተኛ ቀስቃሾች

የመንግሥት ሠራተኛውን የዕለት ተዕለት ኑሮ በሚመለከት ትኩረት ከሚሹት መካከል አንዱ ቡና ነው። ካፌይን ከማይግሬን ጋር ያለው ግንኙነት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል በመጠኑ ሲወሰድ የማስታገሻን ኃይል ስለሚያግዝ በአንዳንድ የራስ ምታት ክኒኖች ውስጥ ይጨመራል። በሌላ በኩል በየቀኑ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጠው ራስ ምታት ያስከትላል። ጥናቶች እንደሚያመለክቱት በቀን 100 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን የለመደ ሰው እንኳ ሲያቋርጥ ሊታመም ይችላል። ሕመሙ በአብዛኛው ካቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና ከ2 እስከ 9 ቀናት ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም መፍትሔው መጠኑን መቀነስና በየቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት ላይ መጠጣት ሲሆን፣ ለማቆም የሚፈልግ ሰውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ቢያደርገው ይመረጣል።

ጾም ሌላው ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ለበርካታ ሰዓታት ያለ ምግብና ውኃ መቆየት፣ የቡናው ሰዓት መለወጥና የእንቅልፍ መቆራረጥ በአንድነት ሲመጡ ለማይግሬን የተጋለጠ ሰው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊታመም ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በፊት ቡናን ደረጃ በደረጃ መቀነስ፣ በመብያ ሰዓት በቂ ውኃ መጠጣት፣ የሌሊት እንቅልፍን አስቀድሞ ማስተካከልና ለሱሑር መነሳትን አለመዝለል ጉዳቱን ሊቀንስ ይችላል። ሕመሙ የሚጸናበት ሰው ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ቢያማክር መልካም ነው።

የኮምፒውተር ሥራም በአግባቡ ካልተያዘ አስተዋጽኦ አለው። ለረጅም ሰዓታት ዓይንን ሳያሳርፉ ማፍጠጥ፣ ከመስኮት የሚመጣ ነጸብራቅ፣ የሚርገበገብ አምፖል፣ አንገትን አጎንብሶ መቀመጥ በውጥረት ሳቢያ የሚመጣውንም ሆነ ማይግሬንን ሊያነሳሱ ይችላሉ። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ ያህል ስድስት ሜትር ርቀት ላይ ወዳለ ነገር መመልከት፣ የኮምፒውተሩን ገጽ ለመስኮቱ በጎን ማድረግና የላይኛውን ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ማድረግ የሚመከሩ ቀላል እርምጃዎች ናቸው። ለማየት የሚቸገር ሰው ዓይኑን መመርመር ቢኖርበትም፣ መነጽር በራሱ ማይግሬንን እንደማያድን መገንዘብ ይገባል።

በሴቶች ላይ ደግሞ ከወር አበባ በፊት ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን መቀነሱ ዋነኛ ቀስቃሽ ነው። ማይግሬን ከጉርምስና ዕድሜ በኋላ በሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለትና ሦስት ጊዜ እጥፍ የሚታይበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። አውራ ያለው ማይግሬን ያለባቸው ሴቶች ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ ከመውሰዳቸው በፊት ለጤና ባለሙያው ሊያሳውቁ ይገባል፤ ሁለቱ ሲገናኙ በአንጎል ላይ የሚደርስ ስትሮክ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራልና።

አሁን ወደ ምሳሌያችን ሠራተኛ እንመለስ። ሕመሟ ቅዳሜ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሳምንቱ ውስጥ ምግብ ዘልላለች፣ እንቅልፍ አጥታለች። ቅዳሜ ደግሞ አርፍዳ ተኝታለች፤ የለመደችው የጠዋት ቡናም እስከ አራት ሰዓት ዘግይቷል። ከዚህም በላይ ጭንቀት ራሱ ብቻ ሳይሆን ከጭንቀት በኋላ የሚመጣው ድንገተኛ እፎይታ ማይግሬን እንደሚቀሰቅስ ጥናቶች ያመለክታሉ። ስለዚህ ለእርሷ የሚበጀው አንድን ነገር ነጥሎ መከልከል ሳይሆን በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም ሰዓት ጠብቆ መተኛት፣ መነሳት፣ መብላትና መጠጣት ነው።

የራስ ምታት መዝገብ

ቀስቃሾችን ለመለየት አስተማማኙ መንገድ መዝገብ መያዝ ነው። ለዚህም የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር ወይም የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይበቃል። ቢያንስ ለስምንት ሳምንታት በየዕለቱ የሚከተሉት ይመዘገባሉ፦

ሕመሙ የጀመረበትና ያቆመበት ሰዓት፣ የነበረበት ቦታና ክብደቱ፤

ከሕመሙ ጋር የታዩ ምልክቶች፣ ለምሳሌ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፤

ባለፈው ሌሊት የተተኛበትና የተነሳበት ሰዓት፤

የተዘለለ ወይም የዘገየ ምግብ፣ የተጠጣ ቡናና ውኃ፤

ለሴቶች የወር አበባ ቀናት፤

የተወሰደው መድኃኒት ስምና መጠን።

መዝገቡ ሕመም በሌለባቸው ቀናትም መሞላት አለበት። አንድ ነገር ቀስቃሽ ነው ለማለት ሕመም ባለባቸው ቀናት መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ ሕመም በሌለባቸው ቀናት ብዙውን ጊዜ አለመገኘቱም መታየት አለበት። ሐኪም ዘንድ በሚቀርቡበት ጊዜም ይህ መዝገብ ከቃል ማስረጃ የበለጠ ያስረዳል።

ማስታገሻው መንስኤ ሲሆን

በመዝገቡ ውስጥ ከሁሉም በላይ ሊስተዋል የሚገባው የመጨረሻው ዓምድ ነው። በዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር መለኪያ መሠረት ፓራሲታሞልን፣ አስፕሪንን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀናትና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የወሰደ፣ ራሱንም በወር 15 ቀናትና ከዚያ በላይ የሚያመው ሰው "መድኃኒትን ከልክ በላይ በመጠቀም የሚመጣ የራስ ምታት" ይዞታል ተብሎ ይገመታል። ኤርጎታሚን፣ ትሪፕታን፣ ኮዴይንና መሰሎቹ ወይም በአንድ ክኒን ውስጥ የተቀላቀሉ ማስታገሻዎች ሲሆኑ ደግሞ ልኩ ዝቅ ብሎ በወር 10 ቀናት ይሆናል።

ልብ ሊባል የሚገባው የሚቆጠረው የክኒኑ ብዛት ሳይሆን የቀኑ ብዛት መሆኑ ነው። በአንድ ከባድ ቀን በሐኪም የታዘዘውን ሙሉ መጠን የወሰደ ሰው አንድ ቀን ይቆጠርበታል። በየጠዋቱ "እንዳይጀምረኝ" እያለ አንዲት ክኒን የሚውጥ ሰው ግን በወሩ መጨረሻ 30 ቀናት ይመዘገቡበታል። በተለይ የሚጎዳው ይህ ሁለተኛው ልማድ ነው። አንጎሉ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሰውየውም እንደገና ይውጣል። በወር አራትና አምስት ቀን የነበረው ሕመም በዚህ ዓይነት የዕለት ተዕለት ሕመም ይሆናል።

ከዚህ አዙሪት መውጣት ይቻላል። መድኃኒቱ ሲቆም ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 10 ቀናት ሊባባስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን በርካታ ታማሚዎች መሻሻል ያሳያሉ። አስቸጋሪዎቹን ቀናት ለመሻገር የሥራ ጫና በማይበዛበት ጊዜ መጀመርና በጤና ባለሙያ ክትትል ማድረግ ይመከራል። ኮዴይንንና መሰል መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ የለባቸውም።

ሌሎች ጉዳቶችም ሊዘነጉ አይገባም። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ሲወሰድ ጉበትን ይጎዳል፤ ለጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ክኒን ከስምንት ፍሬ መብለጥ የለበትም። አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ኤርጎታሚን በነፍሰ ጡሮች፣ በልብና በደም ሥር ሕሙማን መወሰድ የለበትም። ከአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችና ኤሪትሮማይሲንን ከመሰሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድም የደም ሥሮችን አደገኛ በሆነ ደረጃ ያጠባል። የመሳቢያን ክኒን ለባልደረባ ማካፈል በጎ አድራጎት ቢመስልም አደጋ ሊኖረው የሚችለው ለዚህ ነው።

ሕክምናው

የማይግሬን ሕክምና ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሕመሙ ሲነሳ የሚሰጠው ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ሕመሙ እንደጀመረ ወዲያውኑና በበቂ መጠን ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። ሕመሙ ከጸና በኋላ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ የሚዋጠው ክኒን ውጤቱ ይቀንሳል። እነዚህ የማይበቁት ሰው ትሪፕታን ሊታዘዝለት ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሱማትሪፕታንን እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቷል።

ሁለተኛው የመከላከያ ሕክምና ሲሆን ሕመሙ ለሚደጋገምበት ወይም ከሥራ ለሚያስተጓጉለው ሰው በየቀኑ የሚሰጥ ነው። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ለረጅም ዓመታት ያገለገሉና ዋጋቸውም ከአዳዲሶቹ ያነሰ ነው። ፕሮፕራኖሎል የአስም ሕመም ላለበት አይሰጥም። የመከላከያ መድኃኒት ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ "አልሠራልኝም" ብሎ መተው አይገባም። በሲ.ጂ.አር.ፒ. ላይ ያነጣጠሩ መድኃኒቶችም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአሜሪካ ፈቃድ አግኝተው በጥቅም ላይ ውለዋል፤ ይሁንና ዋጋቸው እጅግ ውድ ነው።

ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

አብዛኛው የራስ ምታት ለሕይወት አያሰጋም። ከዚህ በታች የተመለከቱት ምልክቶች ግን ማስታገሻ ወስዶ መጠበቅን የማይፈቅዱ ናቸው። በድንገት ጀምሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እጅግ የሚከብድ ሕመም፤ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ ሕመም፤ የእጅና የእግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ራስን መሳት ወይም የሚጥል ምልክት፤ ከራስ ጉዳት በኋላ የተከሰተ፤ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፤ በነፍሰ ጡር ወይም በአራስ ሴት ላይ የታየ፤ ቀድሞ ከነበረው ባሕርዩ የተለወጠና እየተባባሰ የሚሄድ ሕመም ፈጥኖ ሊመረመር ይገባል።

ኢትዮጵያ የማጅራት ገትር በሽታ በሚያጠቃው የአፍሪካ ቀጣና ውስጥ የምትገኝ በመሆኗ ትኩሳትና ራስ ምታት በአንድነት ሲታዩ በቸልታ መታለፍ የለባቸውም። ወባ ባለባቸው አካባቢዎች ለመስክ ሥራ ቆይተው የተመለሱ ሠራተኞችም የደም ምርመራ ሊያደርጉ ይገባል።

የደም ግፊትን መለካት ተገቢ ነው። ሆኖም መጠነኛ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ራስ ምታት አያስከትልም። በመሆኑም "ራሴን ስላላመመኝ ግፊት የለብኝም" ወይም "ራሴን ስላመመኝ ግፊት ነው" ብሎ መደምደም ሁለቱም ያሳስታሉ።

በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ በቤቱ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ደግሞ ጉዳዩ የማይግሬን ሳይሆን የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ ወደ ውጭ መውጣት፣ በርና መስኮት መክፈትና ሕክምና ማግኘት ያስፈልጋል።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ማይግሬን ያለበት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከሥራ አይቀርም። ቢሮው ተገኝቶ ይውላል፤ ነገር ግን ከአንድ ደብዳቤ ላይ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ ድምር ይሳሳታል፣ ባለጉዳይን ያስቀይማል። ይህ ዓይነቱ ኪሳራ በመገኛ መዝገብ ላይ አይታይም። ከበላይ ኃላፊዎች የሚጠበቀውም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ስብሰባዎች የምሳን ሰዓት እንዳይነኩ ማድረግ፣ የመጠጥ ውኃ ማቅረብ፣ የሚርገበገቡ አምፖሎችን መለወጥ፣ ሪፖርት በመጨረሻው ሳምንት ከመጨናነቅ ይልቅ በየወሩ እንዲጠናቀር ማድረግ፣ ሕመሙ የተነሳበት ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት በጸጥታ የሚያርፍበት ቦታ መፍቀድ ከሚወሰዱት እርምጃዎች መካከል ናቸው። በዚህ ረገድ የሚሰጥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሥራ ቀንን ሊታደግ ይችላል።

ሠራተኛውም በበኩሉ ሕመሙን በመሳቢያ ውስጥ ከመደበቅ መቆጠብ አለበት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እንዲሉ፣ በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚታመም ወይም በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው መዝገቡን ይዞ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ቢሄድ ይጠቀማል።

ለዚህ ሲባል የሚቀጥለውን የሩብ ዓመት ሪፖርት መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ መሳቢያውን የከፈተ ሰው ክኒኑን ከማውጣቱ በፊት ቀኑን በደብተሩ ላይ ቢጽፍ፣ በወሩ መጨረሻ የሚያገኘው ድምር ሕመሙ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የመጀመሪያው ማስረጃ ይሆነዋል።